የአቶ ወንዳፍራሽ ዘገዬ የሕይወት ታሪክ፣ የዘር በቆሎው ሳይቀር

አቶ ወንዳፍራሽ ከአባታቸው ከአቶ ዘገዬ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፀሐይነሽ ይመር በ1956 ዓ.ም. ወሎ፣ ውጫሌ አካባቢ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው አባታቸውን በእርሻ ረዱ። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ተርፈው በ1983 ዓ.ም. አገር ለቀቁ፤ ኬንያንና ታንዛኒያን አቋርጠው ደቡብ ዛምቢያ ገቡ።

በዓመቱ እዚያም ዝናብ ቀረ። ሙቲንታ የምትባል፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ባል የሞተባት ገበሬ አስጠጋቻቸው። እስከ ቅርብ ጊዜ የምናውቀው ይህንኑ ነበር። ቀሪውን ሆስፒታል ተኝተው ለእኔ ለጎረቤታቸው ለነዒማ ነገሩኝ። ሙቲንታ ለዘር ያስቀረችውን በቆሎ ነቀዝ እንዳይበላው ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቅላው ነበር። እሷ ለእርዳታ እህል ልትሰለፍ ስትሄድ አውርደው፣ ቀቅለው በሉት።

«የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ዘር መሆኑን አውቄ ነው የበላሁት። የሕይወት ታሪኬ ሲነበብ ይህን እንዳትተዪው» አሉኝ።

ሙቲንታ ባዶውን ገመድ አየች፤ ማታም ከልጆቿ ገንፎ ቀንሳ አቀረበችላቸው። እሳቸው ዝናቡ ሳይጥል፣ ሳይሰናበቱ ሄዱ። በምን እንደዘራች አላወቁም።

በ1988 ዓ.ም. አትላንታ መጥተው ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ባለ ግሮሰሪ አትክልት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠሩ። በ1992 ዓ.ም. ከወይዘሮ ደጊቱ ጋር ተጋብተው ኤልቃናንና ሐምራዊትን ወለዱ። ትጉህና ሰው ወዳድ ነበሩ። መኪና ፓርክ ማድረግ ግን እስከ መጨረሻው አልሆነላቸውም፤ የስቶን ማውንቴን ሰፈራችን የፖስታ ሣጥኖች ምስክር ናቸው።

በየበጋው ግቢ ውስጥ በቆሎ ስንጠብስ አይቀምሱም ነበር። «ጋሼ፣ ጥርስዎን ፈርተው ነው?» እያልን ስንስቅ አብረውን ይስቁ ነበር። ያን ሳቅ ሳስበው ዛሬ አንገቴን እደፋለሁ።

ለሙቲንታ ለምን እንዳልጻፉላት ብጠይቃቸው «ምን ብዬ?» አሉኝ። በመጨረሻ እሳቸው እየነገሩት ኤልቃና ጻፈ፤ ደብዳቤው በመንደሯ ላለው ቤተ ክርስቲያን ተላከ። መልስ ሳይመጣ፣ በኩላሊት ሕመም ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውና ሁለት ልጆቻቸው እዚህ ቆመዋል። «የሰው ነገር የማይነኩ» እያላችሁ የምታለቅሱ ወዳጆች፣ እባካችሁ ይህን ተዉት፤ እሳቸው አልፈለጉትም። ሙቲንታ በሕይወት ካለች ፈጣሪ ዝናብ አይንሳት። ስለ ዘሯ ይቅር የማለቱ ነገር የእሷ ነው፤ እኛ ግን ነፍሳቸውን በምሕረቱ እንዲቀበልልን እንለምናለን።