ገመድ የምወረውረው እኔ ነበርኩ

ማክሰኞ፣ ጥር 14

የጠዋት ፈረቃ። ቦዶ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ሲነዳ የሚውል ሰው በጥር ምን ይጽፋል? በረዶ፣ ጨው የተነሰነሰበት መንገድ፣ ጓንታቸውን ወንበር ላይ ረስተው የሚወርዱ ሰዎች... ስምንት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ዓሣ ገዝቼ ወደ ቱሩን ቤት።

እህቴ ናት። በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ኅዳር ላይ ስትሮክ መታት። ንግግሯ ተመልሷል፤ ቀኝ እጇ ግን እንቢ ብሏል። ልጇ ትሮምሶ ነው የሚማረው፣ ቅርብ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ በፊት ለገናና ለልደት ካርድ መላላክ ነበር እህትነታችን። ለምን? ማናችንም አንጠይቅም።

"ዛሬም መጣሽ?"

"ልመለስ?"

"ዓሣውን ትተሽ ከሆነ ተመለሽ።"

ዓርብ፣ ጥር 17

እጇን እንቅስቃሴ የምታሠራት ባለሙያ ጉንቮር ዛሬ ትዕግስቷ አለቀ። ኳስ ጭመቂ ስትላት አልጨምቅም። ኩብ ደርድሪ ስትላት "የሕፃን ሥራ ነው።"

"እሺ የምትወጂው ምንድነው? የድሮም ይሁን።"

"ምንም።"

"የበረዶ ጀልባ" አልኩ እኔ። ከአፌ አመለጠኝ።

ቱሩን ዞራ አየችኝ። ይህን ስም ከሠላሳ ዓመት በላይ ማናችንም አልጠራነውም።

ለጉንቮር አስረዳኋት። የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። አንዱ ጀልባዋን ይነዳል፣ ሌላው ተሰብሮ በሚንሳፈፍ በረዶ ላይ ለቀሩ ዓሣ አጥማጆች ገመድ ይወረውራል። ሁለት ሰው፣ አንድ ኪቦርድ። እሷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ነጂ። እኔ አሥራ ሦስት፣ ገመድ ወርዋሪ።

"ፈልጊና አምጪው" አለች ጉንቮር።

እሑድ፣ ጥር 19

ተገኘ! የድሮ ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠውታል። ሙዚቃው ሲጀምር ድምፁን ከፍ አደረግኩት። እንዲህ ትንሽ ነበር እንዴ? ባሕር ነው ያልኩት ሁሉ ሰማያዊ ነጠብጣብ። ሰዎቹ የሩዝ ፍሬ ያክላሉ። ጣቴ ግን ቁልፎቹን አልረሳቸውም። አንዱ ሰው ሲሰምጥብኝ ክው አልኩ... በአርባ አምስት ዓመቴ።

ማክሰኞ፣ ጥር 21

ጀመርን። ቦታ ተለዋወጥን፤ የገመዱ ቁልፍ በስተቀኝ ስለሆነ ቀኝ እጇ እንዲሠራ። ነጂዋ እኔ ሆንኩ።

"ቀስ በይ እንጂ! አውቶቡስ መሰለሽ?"

"አውቶቡስ ቢሆንማ አስወርድሽ ነበር።"

ሳቀች። ከኅዳር ወዲህ የመጀመሪያዋ። ጣቷ ግን አይደርስም። በረዶው ላይ የነበሩት አሥራ አንዱም ሰዎች ሰመጡ።

ሐሙስ፣ ጥር 30

ዛሬም አንድ ሰው አላወጣንም።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ክፉ ቀን። ስድስተኛው ሰው ሲሰምጥ ላፕቶፑን በግራ እጇ ገፋችው። ሊወድቅ ሲል ያዝኩት።

"በቃኝ! ልጅ ሆነሽ የምትሠሪውን እኔ አቃተኝ። ይህን ለማየት ነው የምትመላለሽው?"

"ምኑን?"

"ውድቀቴን።"

ያኔ ወጣ... ስንት ዓመት የዋጥኩት።

"ጥለሽኝ የሄድሽው አንቺ ነሽ። አባባ ከእናታችን ተለያይቶ ሲወጣ ኮምፒዩተሩን መኪና ላይ ጫነ። አንቺም ተከተልሽው። ከኔ ጨዋታውን መረጥሽ።"

ትክ ብላ አየችኝ።

"ጨዋታውን? ማሪት... ይህን ሁሉ ዓመት እንደዚህ ነው የምታስቢው?"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"አባባን ጋራዡ ውስጥ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኘሁት። አንቺ እናታችን ነበረችልሽ። እሱስ? አንድ ሰው አብሮት መሄድ ነበረበት።"

ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ መለስኩት።

"ከአባባ ጋር ፋውስኬ ከገባን በኋላ አንድ ቀን ጨዋታውን ከፈትኩት። ጀልባዋን ነዳሁ። ገመድ የሚወረውር የለም። ዘጋሁት።" ቀጠለች፤ "ደብዳቤም ጽፌልሽ ነበር። ሦስት።"

አውቃለሁ። ሳልከፍታቸው ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። ነገርኳት። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

"ምን ነበር የሚሉት?" አልኳት።

"ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር ነይ።"

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

አንድ ፌርማታ ሳልቆም አለፍኩ። ከኋላ ጮኹብኝ። በአሥራ ሦስት ዓመቴስ እሺ፣ ልጅ ነበርኩ። በሠላሳዬስ? በአርባዬስ? ለምን ሄድሽ ብሎ መጠየቅ ነበር እኮ... አንድ ጥያቄ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ልሂድ አልሂድ ስል ስልክ ጮኸ። ቱሩን።

"ጀልባዋን ማን ሊነዳልኝ ነው?"

ሐሙስ፣ የካቲት 27

አንድ ሰው አወጣን!! ጠቋሚ ጣቷ ቁልፉን በሰዓቱ ተጫነው፣ ገመዱ ደረሰ፣ ያቺ የሩዝ ፍሬ ጀልባዋ ላይ ወጣች። ጉንቮር ከኛ በላይ ጮኸች። ቱሩን ዓይኗን ከጣቷ ላይ ሳትነቅል፣ "እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?" አለች።

እጇን ይሁን እኔን... አልጠየቅኳትም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 22

ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነን። ዛሬ ግን ብዙ አልተጫወትንም። ስለ አባባ አወራን። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ፋውስኬ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አንድ ክፍል አለችው። ቱሩን እስክትታመም ድረስ በየሳምንቱ ትሄድ ነበር። እኔ ከእናታችን ቀብር ወዲህ አላየሁትም። ስድስት ዓመት።

"ስለኔ ይጠይቃል?"

"ሁልጊዜ።"

"ምን ትይዋለሽ?"

"ሥራ በዝቶባት ነው እለዋለሁ።"

"ያምንሻል?"

"አያምነኝም። ግን እሺ ይላል።"

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12

ፋውስኬ ሄድን፣ በኔ መኪና። መንገዱ ደርቋል። ቱሩን እንደ ልማዷ ስታርመኝ መጣች፤ "ሃያ ዓመት የነዳሁት ምን መሰለሽ?" አልኳት። አባባ በር ላይ ስንደርስ ከኋላዋ ቆምኩ። ደወሉን እሷ ተጫነችው፣ በቀኟ። ሁለቴ ሞክራ።

ከፈተ። እንዴት አጥሯል! ሹራቡን ገልብጦ ለብሶታል።

"ቱሩን" አለ፣ ደስ ብሎት። ከዚያ ከኋላዋ እኔን አየ። የበሩን እጀታ አልለቀቀም።

"ሁለታችሁም?" አለ።

"ሁለታችንም፣ አባባ።"

ጉድ ጉድ እያለ ቡና አፈላ። ቁም ሳጥኑን ከፈተ፣ ያሉት ሁለት ኩባያዎች ብቻ ናቸው፤ የሱና የቱሩን። መታጠቢያ ቤት ገባና የጥርስ ብሩሹን የሚያስቀምጥበትን ብርጭቆ አጥቦ አመጣልኝ።

ቡናው የጥርስ ሳሙና ይሸት ነበር። ጨርሼ ድገመኝ አልኩት።