ሞተሩን ቶሎ አታጥፊው

ለእህቴ ለድንቢጥ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? የመኪናዋ ወንበር ለአባባ ቁመት የተስተካከለ ስለሆነ ትራስ ካላስደገፍሽበት ያጎብጥሻል ብዬሽ ነበር፤ ሰማሽኝ ወይስ እንደ ልማድሽ «እሺ» ብለሽ ተውሽው? እማዬስ እንዴት ናት? እህል ትቀምሳለች? አክስቴስ ጉልበቷ ተሻላት ወይስ አሁንም ደረጃ ባየች ቁጥር ደረጃ የፈጠረውን ሰው ትራገማለች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ ማለቴ ነው። ከዚያ ያለፈውን አትጠይቂኝ።

ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ እዚህ ከክፍሌ ፊት ለፊት የምትኖር ነርስ ናት። ሻንጣዋ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አለ፤ የመኪናዋ አዲሱ ቱርቦ ነው። «ድንጋይ ነው እንዴ የምትልከው?» እያለች ብትነጫነጭም ከልብሷ ቀንሳ ቦታ ሰጥታኛለች፤ በደንብ አመስግኚያት። ቀዳዳዎቹ ላይ የለጠፍኩትን ፕላስተር እስኪገጠም ድረስ ማንም እንዳይነካው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ነግረኸኝ የለም ወይ፣ ለምን ጻፍከው ትዪ ይሆናል። አውቅሻለሁ፤ በስልክ የተነገረሽን በአንድ ጆሮሽ ሰምተሽ በሌላው ታፈስሺዋለሽ። ወረቀት ግን መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ መካኒኩ ሲከራከርሽ አውጥተሽ ታነቢለታለሽ።

መኪናዋ ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች፣ ዳገት ላይ አቅም ያንሳታል፣ ታፏጫለች፣ ዘይቷም ይጎድላል ብለሽ ስትነግሪኝ፣ የሰፈሩ መካኒክ «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» ማለቱ አልገረመኝም። እሱ ሰው ጉንፋን ቢይዘው እግሩ ይቆረጥ የሚል ዓይነት ነው። አጎታችንም ይህን ሰምቶ «ጨርሳ ሳትሞት ትሸጥ» ማለት ጀመረ አልሽኝ። ሞተሩ አላለቀም። በስልክ እየመራሁሽ ከአየር ፊልትሮው ወደ ቱርቦው የሚሄደውን ጎማ ፈትተሽ ጣትሽን ስታስገቢ በዘይት ርሶ ወጣ። ውስጥ ያለችውን ትንሿን ማራገቢያ ይዘሽ ስትነቀንቂያት ደግሞ ልትወልቅ እንደ ደረሰች የልጅ ጥርስ ተወዛወዘች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሞተው ቱርቦው ነው፤ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ቤታችን ደግሞ በዚያች መኪና ገቢ እንደሚኖር አጎታችንም ያውቃል፤ ቸኩሎ ነው እንጂ።

ቱርቦ ምን እንደሆነ ካልገባሽ ቀጥሎ የምልሽን አትሰሚኝምና ትንሽ ታገሺኝ። ሞተሩ ናፍጣ አቃጥሎ የሚያወጣው ጭስ ዝም ብሎ አይባክንም፤ ሲወጣ አንዲት ማራገቢያ ያሽከረክራል። ያቺ ማራገቢያ በቀጭን ዘንግ ከሌላ ማራገቢያ ጋር ተያይዛለች፤ ሁለተኛዋ ከውጭ አየር እየሳበች ወደ ሞተሩ ትጠቀጥቃለች። አየር ሲበዛ ብዙ ናፍጣ በደንብ ይቃጠላል፤ ጭነት ይዘሽ ዳገቱን የምትወጪው በዚህ ነው። ዘንጓ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ትዞራለች። እንዲያም ሆኖ ከተቀመጠችበት ከኩሽኔታዋ ጋር ብረት ለብረት አትነካካም፤ በመካከላቸው ከፀጉር የቀጠነ ዘይት አለ። ዘንጓን በሕይወት ያኖራት ያ ዘይት ነው፤ ዘይቱን የሚገፋው ደግሞ ሞተሩ ነው። ሞተሩ በድንገት ሲጠፋ ዘይቱ ይቆማል፤ ቱርቦው ግን ገና እሳት ነው፣ ዘንጓም ገና አልቆመችም። የቆመው ዘይት ምድጃ ላይ እንደተረሳ ወጥ ያርራል። ቀን በቀን ያረረው ይከማችና መተላለፊያውን ይደፍነዋል።

ሲገጠም አጠገቡ ቁሚ፤ መካኒኩ ቢቆጣም አትሂጂ። ዘይት የሚያመጣውን ቀጭኑን ቱቦ አጥቦ መልሶ እንዳይገጥመው፤ አዲሱን በፌስታል ቋጥሬ ልኬልሻለሁ። ዘይት የሚመልሰውን ወፍራሙን ግን ያጽዳው፤ አየር ሲነፋበት ማለፉን በዓይንሽ እዪ። የዘይት መግቢያው መጋጠሚያ እንዳያፈስ የሚገባው ጓርኒሲዮን ላይ ማጣበቂያ አይቀባ፤ ትርፉ ተቆርሶ ገብቶ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። ከራዲያተሩ ፊት ያለው የቱርቦው አየር ማቀዝቀዣ ውስጥ ዘይት ተጠራቅሟል፤ አውርዶ ያፍስሰው። ካላፈሰሰው ሞተሩ ያንን ዘይት እንደ ናፍጣ ጠጥቶ ያለ ልክ ይጋልባል፤ ቁልፍ ብታዞሪም አልጠፋም ይላል። የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ አዲስ ይሁን። ከዚያ በቱርቦው የዘይት መግቢያ ንጹሕ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጎ ይሙላና ማራገቢያዋን በእጁ ያዙራት። የናፍጣ ማቋረጫዋን ሽቦ ነቅሎ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የዘይቷ መብራት እስክትጠፋ በማስነሻው በሞተሪኖው ብቻ ያዙረው። ሽቦዋን መልሶ ማስነሳት ከዚያ በኋላ ነው። ስትነሳም ሆነ ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት፣ ነዳጅ ቶሎ አትርገጪባት።

የአባባን ማረፍ የነገራችሁኝ ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። ናፍጣ የሚረጨውን ኢንጀክተር እያጸዳሁ ነበር፤ ስልኩን ዘጋሁ፣ አጽድቼ ጨረስኩ፣ ገጠምኩት፣ ሞተሩም ተነሳ። አለቃዬ ሰምቶ ወንበር ሲያመጣልኝ ወንበሩ ለምን እንደመጣ አልገባኝም። እስከ ዛሬ አላለቀስኩም። ሰዎች ፊቴን አተኩረው ያያሉ፤ እኔም በመስታወት አየዋለሁ፤ ምንም የለም። የጥርስ ሐኪም የሚወጋው ማደንዘዣ አለ አይደል፣ ጉንጭሽ እዚያው ነው ግን ያንቺ አይደለም፤ እንደዚያ ነኝ። ጨካኝ ሆኜ እንዳይመስልሽ።

አሁን የፈራሁት ላይ ደረስኩ። ቱርቦው በምን እንደሞተ ስፈልግ፣ ቤት ስትደርሺ ሞተሩን እንዴት ነው የምታጠፊው ብዬ ጠየቅኩሽ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እያልኩ ጮህኩ። ከዚያ ነገርሽኝ።

አባባ እንዴት ያደርግ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። በራችን የዳገቱ ጫፍ ላይ ስለሆነ መኪናዋ እዚያ ስትደርስ ቱርቦው ፍም ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ያቆምና፣ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል ሞተሩ ዝግ ብሎ እንዲያጉረመርም ይተወዋል። «ትተንፍስ፤ እሷም ደክሟታል» ይላል። ድምፁ እስኪጠፋ ወደ እሱ እንዳንሮጥ ተከልክለናል። ያ ጊዜ የእማዬ ነበር። የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ የያዘችውን ጥላ ትነሳለች፤ ራቱን ታሞቃለች፣ ነጠላ ጫማውን ታወጣለች፣ በሩን ትከፍታለች። እሱ ቁልፉን ሲያጠፋ እሷ በሩ ላይ ቆማለች።

አባባ ካለፈ በኋላ መጀመሪያ መኪናዋን ነድተሽ የገባሽ ቀን፣ አንቺም እንዳስተማረሽ ሞተሩን ሳታጠፊ ቆምሽ። እማዬ ሊያጽናኗት ከመጡት ሰዎች መሃል ብድግ ብላ በሩን ከፈተች። ወንበሩ ላይ አንቺን አየች። በሩን እንደተከፈተ ትታው ተመልሳ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ ዳገቱን እንደጨረስሽ፣ ጎማው እንኳ ሳይቆም፣ ቁልፉን ታጠፊና ድምፅ ሳታሰሚ ተንሸራተሽ ትገቢያለሽ። እማዬ እንዳትሰማ። ቱርቦውን የገደለው ይሄ ነው።

ምን ብዬ እቆጣሻለሁ? መላ ስፈልግ ሰነበትኩ። ታች ሱቁ ጋ ቆመሽ አቀዝቅዢያት ልልሽ ነበር፤ ግን ዳገቱ ከሱቁ በኋላ ነው፤ አይረባም። ላይ ልብስ ሰፊው ደጃፍ አቁሚያት ልል አሰብኩ፤ እሱንና እኛን የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። የእማዬ ጆሮ ደግሞ ስኳር ስንሰርቅ የጣሳውን ክዳን ከጓሮ ሆኖ የሚሰማ ጆሮ ነው። ይህንንም ቱርቦ እንደዚያ ካጠፋሽበት ዕድሜ አይኖረውም፤ ሌላ ልልክልሽ ደግሞ አልችልም፤ ያኔ አጎታችን እንዳለው ትሸጣለች። መኪናዋን ላድን ስል እማዬን ላቆስላት ነው፤ እማዬን ላድን ስል መኪናዋን ልገድላት ነው።

ባለፈው ሰሞን ግን አንድ ነገር ሆነ። መኪና ሥር ተጋድሜ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ እየፈታሁ ነበር። አንድ ሹፌር ጭነቱን እንደያዘ መጥቶ ጋራዡ በር ላይ ቆመ፤ አዋቂ ነውና ሞተሩን ቶሎ አላጠፋም። የኛዋ ዓይነት ሞተር ነው፤ እንደሷው ያጉረመርማል። ተነሳሁ። እጄን በጨርቅ ጠረግኩ። ሄጄ ትልቁን በር ከፈትኩና ይዤው ቆምኩ። አለቃዬ ከኋላዬ «ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለኝ። ሹፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ ተመልሼ መኪናው ሥር ገባሁ። አላለቀስኩም። ግን በሩን ይዤ በቆምኩባት ጊዜ ጉንጬ የኔ ነበር።

እማዬ አሁን ለምንም ነገር አትነሳም አልሽኝ። ራት ሲቀርብ ፊቷን ታዞራለች፣ ከተቀመጠችበት አትነቃነቅም አልሽኝ። ዝምታው የሚያድናት መስሎሽ ነበር፤ አላዳናትም። ስለዚህ እንደ መካኒክም እንደ ወንድምም እነግርሻለሁ፤ ሞተሩን ቶሎ አታጥፊው። በራችን ላይ አቁሚ፣ በርሽን ክፈቺ፣ ያጉረምርም። እማዬ ትነሳ። መጥታ በሩን ትክፈት። አንቺን አይታ ልትመለስ ስትል ጥሪያትና ጎንሽ አስቀምጫት። ምንም አትበያት። መኪናዋ ተንፍሳ ስትጨርስ ቁልፉን እሷ ታጥፋው። ታለቅስ ይሆናል። ታልቅስ፤ ማልቀስ ከቻለች ከኔ ትሻላለች።

ለአክስቴ፣ ጉልበቷን በሩቁ ስሜያለሁ በያት። ለአጎታችን፣ መኪናዋ እንደማትሸጥ በትሕትና ንገሪልኝ፤ በትሕትና ካልሰማሽ ያለ ትሕትና ንገሪው። ለልብስ ሰፊው፣ የሰፋልኝ ሱሪ እስካሁን አልተተረተረም በይልኝ። ለመካኒኩም ሰላምታዬን አድርሺ፤ ክፋት የለበትም፣ ችኮላ ነው ያለበት። ለእማዬ፣ እጇንም እግሯንም ስሜያለሁ።

ላንቺ አንድ ልመና አለኝ። ቱርቦው ከተገጠመ በኋላ በራችን ላይ ስትቆሚ የሞተሩን ድምፅ በስልክሽ ቅጂና ላኪልኝ። ከደረስሽባት ደቂቃ እማዬ ቁልፉን እስክታጠፋው ድረስ፣ ሳትቆርጪ። ኩሽኔታው ጤነኛ መሆኑን ላዳምጥ ነው ብዬ ለነርሷ ነግሬያታለሁ። ላንቺ ግን አልዋሽሽም፤ ተነስቼ በር ልከፍት ነው።

ወንድምሽ

ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍሌ፣
ጥር ማለቂያ፣ እሑድ ከሰዓት