ጎህ ሲቀድ የሸሸሁት ድምፅ

ውድ ልጄ ኖህ፣

አለሁ። ሰላምታውም፣ እንዴት ሰነበትክም በኋላ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ይህን ያዝልኝ። እናትህ በሕይወት አለሁ። ብርድ ሲሆን ጉልበቴን ይጠዘጥዘኛል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። የዚያን ዕለት ጠዋት በስልኩ ውስጥ የሰማኸው ለቅሶ የእኔ አልነበረም፤ ለእኔም የተለቀሰ አልነበረም። ሁሉንም እነግርሃለሁ፣ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበው።

በእጄ የምጽፈው ሰኢድ ስላዘዘኝ ነው። ሰኢድን አታውቀውም፤ የጎረቤታችን የከዲጃ የአክስቷ ልጅ ነው፣ ከአቦምሳ ፍየልና በግ እየጫነ እስከ ወደቡ የሚነግድ። ባሕሩን ተሻግረው እናንተ ወዳላችሁበት የሚመላለሱ የመርከብ ሰዎችን ያውቃል። «በእጅሽ ጻፊው፣ እኔ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለማውቀው ሁሉ እልካለሁ። የእናቱን ጽሑፍ ያየ ልጅ አይሳሳትም» አለኝ። ይደርሰዋል ወይ ስለው ቃል አልገባም አለ። ቃል ስላልገባልኝ አመንኩት። እስኪደርስህ ስንት ሰው ያነበዋል ብዬም አሰብኩ። ያንብበው። ዕድሜዬን በክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀምጬ የሰው ጉድ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ አንድ ጊዜ የእኔን ሰው ቢሰማው ምን ይለኛል።

እናቴን፣ አያትህን አሰፋሽን፣ በፎቶ ነው የምታውቃት። እኔ አሰላ አጎቴ ዘንድ ሆኜ ስማር እሷ ደሴቱ ላይ ነበረች፣ ዝዋይ ሐይቅ መካከል። ጎልማሳ ሆና በመሠረተ ትምህርት ነው ፊደል የቆጠረችው፤ ፊደሎቿ እንቁላል እንቁላል ያክሉ ነበር፣ አንድ ገጽ ላይ ብዙ አይገቡም። ደብዳቤዋን ዓሣ ለሚያሻግሩት ሰዎች ትሰጣለች፣ እነሱ ኦጎልቾ ገበያ ያደርሱታል፣ ከዚያ የአሰላ መኪና ያገኘ ያመጣዋል። ወረቀቱ ዓሣ ዓሣ ስለሚሸት ከክፍሌ ልጆች አፍንጫዋን ያልያዘች አልነበረችም። እሷ ደግሞ እንደ ሰው እናት ለጤናሽ እንደምን አለሽ ብላ አትጀምርም። «ትናንት» ብላ ነው የምትጀምረው። ትናንት አባትሽ ሽመና ላይ ተቀምጦ ሳለ ያቺ ቀይ ዶሮ ገብታ ድሩን ለቃቀመችበት፣ እሱም መወርወሪያውን አነሳባት። ትናንት ዝናቡ የእርከናችንን ድንጋይ ንዶት ስንክብ ዋልን። ትናንት የጎረቤታችን ፍየል ታንኳ ላይ ወጥታ ሰው ሳያያት ብቻዋን ተንሳፈፈች፣ ባለቤትየዋ ዳር ቆማ እንደ ሰው በስሟ ትጠራት ነበር።

አንድ ጊዜ ተናድጄ ጻፍኩላት። የሌሎች ልጆች እናቶች ምክር ይልካሉ፣ አንቺ ስለ ዶሮ ትጽፊያለሽ አልኳት። መልሱ ከሚቀጥለው ገበያ ጋር መጣ። «ምክር የሞተ ሰውም ትቶ ይሄዳል። የትናንቷን ዶሮ ግን ትናንት የነበረ ሰው ብቻ ነው የሚጽፍልሽ።» ያኔ ነው የገባኝ። ነፋስ በሚበረታበት ወር አሰላ ላይ ታንኳ ተገለበጠ የሚል ወሬ ሳይሰማ የሚያልፍ ሳምንት አልነበረም፤ እኔም እንቅልፍ አጥቼ ከርሜ ያ ዓሣ የሚሸት ወረቀት ሲመጣ፣ «ትናንት» የሚለውን ሳይ ሰውነቴ ይፈታ ነበር።

ስለዚህ ትናንትን ልጻፍልህ። ትናንት ጭጋጉ ሲገለጥ ከጓሮአችን ሐይቁ ታየ፣ እንደ ወደቀ መስታወት ያበራል። ትናንት የከዲጃ ድመት በአንተ ባጃጅ መቀመጫ ላይ ወልዳ ተገኘች፤ ሸራውን አንስቼ አይቼ መልሼ ሸፍኛቸዋለሁ፣ አንተ ብትሆንም አታስወጣቸውም። ትናንት ያቺ የበቆጂዋ ሃዊ፣ በእኔ ቦታ ካርድ ክፍል የገባችው፣ በር ድረስ መጥታ ወሬ አለ ወይ አለችኝ። ለምን እንደምትጠይቅ አንተ ታውቃለህ፤ እኔ የማውቅ አልመሰልኩም። ይህን ሁሉ ትናንት ያየሁት በዓይኔ ነው። አለሁ ማለት ነው።

አሁን ወደዚያ ጠዋት ልምጣ።

አዳማ ሥራ አገኘሁ ብለኸኝ ስትወጣ ማዶ እንደምትሄድ ልቤ ያውቅ ነበር። ያን አልወቅስህም፣ ተምረህ ባጃጅ ላይ የዋልክ ልጅ ነህ። አንተና የከዲጃ ልጅ ኢርሻድ ከወጣችሁ በኋላ ድምፃችሁ ጠፋ። ከዚያ ባሕር ላይ ጀልባ ተገለበጠ፣ የአርሲ ልጆች ነበሩበት የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። ማንም ለእኔ አይናገርም፤ ግን እኔ ስደርስ ወሬ ይቋረጣል። የእድራችን ሊቀ መንበር ዘሪሁን፣ ያ መንደር የሚያናውጥ ድምፅ ያለው ሰው፣ ሰላም ሲለኝ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ። አንድ ቀን በእሱ ግቢ ሳልፍ የእድሩን ድንኳን ዘርግተው ሲያናፍሱት አየሁ። ክረምት በወጣ ቁጥር እንደሚያናፍሱት አውቃለሁ እኮ። የዚያን ቀን ግን ለእኔ የሚተከል መሰለኝ።

መርዶ በማለዳ ነው የሚመጣው። ሰው ከአልጋው ሳይወርድ፣ ሽማግሌዎች ተጠራርተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ስለዚህ ቤት ካላገኙኝ አይነግሩኝም ብዬ አሰብኩ። ካልነገሩኝ ደግሞ አልሆነም። ሳቅብኝ። እኔ፣ ፀሐይ ሳይወጣ ከአልጋ መውረድ ሞቴ የሆነው ሴት፣ በኅዳር ውርጭ ጋቢዬን ተከናንቤ ገና ሳይነጋ ከቤት መውጣት ጀመርኩ። በስታዲየሙ በኩል አልፌ ባሕር ዛፉ ድረስ እሄዳለሁ፤ ፀሐይ ወጥቶ ሰው ሥራ ሲገባ፣ የመርዶ ሰዓት አለፈ ብዬ እመለሳለሁ። ልምምድ የሚሠሩት ሯጮች ለምደውኝ «ማዘር፣ በርቺ» እያሉ ያልፉኛል። ሰፈሩ አይናለም ስፖርት ጀመረች አለ። ከዲጃ ከማንም ብሳ፣ ለሱብሂ ሰላት ስትነሳ በመስኮት እያየችኝ፣ መቼ ነው የምትወዳደሪው ትለኝ ነበር። የእሷም ልጅ ከአንተ ጋር ነው፤ እሷ ግን አንድም ቀን አልሸሸችም።

አያትህ ብታየኝ ታፍርብኝ ነበር። ለዕረፍት ደሴቱ ላይ ሆኜ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርህ። አባቴ ሣህሌ ጋቢ ሊሸጥ ማዶ ተሻግሮ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ፣ ሳይመለስ መሸ። ጎረቤት ቤታችን ተሰበሰበ። አንዷ ሴት ፀጉሯን ፈትታ ለቅሶ ልትጀምር ስትል እናቴ «ገና ላልመጣ ሰው ነው የምታለቅሺው? ይልቅ ውኃ አሙቂልኝ፣ በርዶት ነው የሚመጣው» አለቻት። ሲነጋጋ ሐይቁ ላይ አንዲት ታንኳ ታየች። ደሴት ላይ ወሬ ከሩቅ ይታያል፤ ምን እንደያዘ ግን አይታይም። ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። እናቴ ደረቅ ልብሱን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ውኃው ገባች፣ እስከ ጉልበቷ። ታንኳዋ ላይ የነበረው እሱ ነበር፤ ገና ሳይወርድ «አንቺ ሴት፣ እግርሽን ብርድ ይመታሻል» ብሎ ተቆጣት። ከዚያ ለአጎቴ ስትጽፍ ያን ሌሊት በሁለት መስመር ጨረሰችው፦ ትናንት ሣህሌ ረጥቦ መጣ። ጋቢው እስካሁን አልደረቀም።

ይህን አይቼ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ምንም ይዞ ይምጣ ወደ ታንኳው የምትሄድ እናት ነበረችኝ። እኔ ግን ሸሸሁ።

ያን ዕለት ከቤት ወጥቼ መታጠፊያው ጋ ደርሻለሁ። የብረት በር ሲደበደብ ሰማሁና ዞርኩ። ከዲጃ ናት፣ ሂጃቧ ከራሷ ወልቆ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ በአንድ እጇ በሬን ትደበድባለች። እያለቀሰች ነው። «አይናለም! ኮቱ! ነይ እባክሽ!» ትላለች። ከታች ደግሞ ዘሪሁን ከኪዳን ሲመለስ ሰምቷት እየሮጠ ይመጣል። ዘሪሁን ሲሮጥ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አይቼ አላውቅም። በቃ አልኩ። የሆነው ይኸው ነው አልኩ። ፊቴን አዙሬ መንገዴን ቀጠልኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ስልኬ ጮኸ፤ የዘሪሁን ቁጥር ነው። አጠፋሁት። ከጡቶቼ መካከል ከትቼው ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባሁ፤ ግንድ ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ። ፀሐይ ጀርባዬን እስኪያሞቀኝ እንደዚያው ነበርኩ።

ስመለስ ከዲጃ ደጃፌ ላይ ተቀምጣለች። ለቅሶዋን ጨርሳለች። ስልኳ ጭኗ ላይ ነው።

«ኖህ ነበር» አለችኝ። «እዚህ ውስጥ ነበር፣ አይናለም። ልጅሽ እዚህ ውስጥ ሆኖ ይጠራሽ ነበር።»

ከዚያ ነገረችኝ። የተገለበጠው ጀልባ ከኋላችሁ የነበረው እንደሆነ፣ እናንተ ተሻግራችሁ እንደተያዛችሁ፣ ስልኩ የታሰራችሁበት ቤት ወጥ ሠሪ እንደሆነ፣ በቃሉ ቁጥር የያዘው ኢርሻድ ብቻ ስለሆነ ወደ እሷ እንደደወላችሁ። ኢርሻድ ሁለት ቃል ተናግሮ ለአንተ እንደሰጠህ። «እማዬን፣ ድምፅዋን ብቻ» እንዳልካት። እሷም ገና ከቤት ያልወጣሁ መስሏት፣ ከደስታዋ ብዛት እያለቀሰች መስገጃዋን ረግጣ እንደሮጠች። አንተ ሁሉንም ሰምተሃል ልጄ። ሩጫዋን፣ ለቅሶዋን፣ በሩን፣ ስሜን ሰምተሃል። መልሴን አልሰማህም። «ለምን አትከፍትም? በዚህ ሰዓት ከአልጋ አትወርድም እኮ። ከዲጃ፣ እማዬ ምን ሆናለች?» እንዳልክ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ ያ ቁጥር አይነሳም።

ምን እንደምታስብ አውቃለሁ። ሲከፋህ ከምግብ የምትርቅ ልጅ ነህ፤ አባትህ ሲሞት ዘሪሁን ቤት ወስዶ በግድ ነበር የሚያጎርስህ። እኔ የለሁም ብለህ እዚያ ወለል ላይ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ስትተኛ ይታየኛል፣ ቀን ይታየኛል፣ ስታጠብ፣ በር ስዘጋ፣ መንገድ ላይ ሰው ሲያናግረኝ ይታየኛል። ሰው መርዶ ፈርቶ ለልጁ የራሱን መርዶ ይልካል? እኔ ላክሁ። ኖሄ፣ አለሁ። ብላ። ኢርሻድ፣ ይህን አንተ ካገኘኸው አጉርሰው፣ እምቢ ካለህ ምታው፣ እናትህ ናት ያዘዘችኝ በለው።

አሁን የማድረው ከዲጃ ቤት ነው። ፍራሼን ተሸክሜ ገባሁባት፤ ስፖርተኛዋ መጣች ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ጎህ ሳይቀድ እንነሳለን። እሷ ስትሰግድ ስልኩን እኔ እይዘዋለሁ፤ እሷ ስትጨርስ ይዛልኝ እኔ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ጸሎቴን አደርሳለሁ። መብራት ሲጠፋ ባትሪው እንዳያልቅ በየሰዓቱ ተራ ገብተን ካልሆነ አናየውም ተባብለናል፤ በየደቂቃው እናየዋለን እንጂ ምን እዋሻለሁ። ትናንት በዚሁ ተጣላን። ስክሪኑን እያበራሽ ጨረስሽው አለችኝ፤ አንቺ ነሽ አልኳት፤ ተኮራርፈን ቆየንና ድመቷ ግልገሏን በአፏ ይዛ በመካከላችን ስታልፍ ሁለታችንም ሳቅን። ይህም ትናንት ነው፤ ጨምርበት።

ይህን እየጻፍኩ በሩ ተንኳኳ። ገና አልነጋም። ከዲጃ ሰላት ላይ ናት። በቀዳዳው ሳይ ዘሪሁን ነው፣ ነጠላውን ተከናንቧል፤ ከኋላው ሌላ ወንድ ቆሟል፣ ፊቱ አይታይም። የጓሮውን በር አየሁት፣ ክፍት ነው። ከዚያ እናቴን አየኋት፣ ልብስ እንዳቀፈች ውኃው ውስጥ። ስልኩን ደረቴ ላይ ይዤ ከፈትኩ።

ከኋላ የቆመው ሰኢድ ነው። ፍየሎቹን የጫነውን መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ መንገድ ላይ አቁሞ፣ ቤቱን በጨለማ ስላላወቀው ዘሪሁን መንገድ ሊያሳየው መጥቶ ነው። ዘሪሁን ፊቴን ሲያይ የሆንኩትን ተረዳና «እኔ ነኝ አይናለም፣ ባዶ እጄን ነኝ» አለኝ፣ በዚያ መንደር በሚያናውጠው ድምፁ። ሰኢድ ደብዳቤው አለቀ ወይ አለኝ። አላለቀም አልኩት። እንዳለ ስጪኝ፣ ፍየሎቹ ይጮሁብኛል አለ።

ደጅ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ እንዳለ እሰጠዋለሁ። ልጄ፣ ደውል። በማንም ስልክ፣ በማንኛውም ማለዳ ደውል። ከእንግዲህ ማንም ይምጣ፣ ምንም ይዞ ይምጣ፣ ጎህ ሲቀድ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ።

ያለሁት እናትህ፣
አይናለም ሣህሌ
አሰላ፣ ከዲጃ ቤት