ጎሾቹ ከግቢዬ ይውጡ

እኔ በፓኪስታን የጉጅራንዋላ ከተማው ሚራጅ ዲን፣ ዛሬ በረቢዑል አወል ወር በዘጠነኛው ቀን፣ ከጁምዓ ስግደት በኋላ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ይህን ቃል አስጽፋለሁ። ስኳር በሽታ ግራ እግሬን ወስዶታል፤ ልቡናዬን ግን አልነካውም። ያስገደደኝም ያባበለኝም የለም። ጸሐፊው ጎረቤቴ ኢናያት ነው፤ ከእርሱ ጋር የመስጊዳችን ኢማም ቃሪ ሳዲቅ ይሰማል።

ቤቱንና መሬቱን ባለቤቴ ሰኪናና ልጄ ሸፍቃት ሸሪዓው በደነገገው መሠረት ይካፈሉ። ለእኔ ፈቃድ የተተወው ሲሶው ነው። ከሲሶዬም የሚታለቡትን ጎሾቼን በትግል ሜዳችን ለሚለማመዱት ወጣቶች ሰጥቻለሁ። እኔ እንደሞትኩ፣ ነገ ዛሬ ሳይባል፣ ከግቢዬ ይውጡ።

በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሸፍቃት ይህን ሲሰማ «አባባ፣ ምን አጠፋሁ? ለባዳ ሰጥተው እኔን ጦሜን ሊያሳድሩኝ ነው?» አለ።

ኢናያት «አንተ እንኳ የዓመት ስንቅ ወገብህ ላይ ቋጥረሃል» ብሎ ሳቀበት። እኔ አልሳቅሁም። ይህም ይጻፍ።

ምክንያቴ እነሆ። ወተቱ፣ የተነጠረው ቅቤና የተወቀጠው አልመንድ የትግል ቀለብ ነው፤ የሚገባው ለሚታገል ሰው ነው። በአገራችን ግን ሰው ከሜዳው ሲወጣ ከቀለቡ አይወጣም፤ ፔህልዋን፣ የትግል ጀግና፣ መባሉ እንዳይቀርበት ይበላል። ታላቁ ልጄ ቱፈይል ጉልበቱን ታሞ ትግል ተወ፤ ወተቱን ግን አልተወም። እጅና እግሩ ሲቀጥን ውፍረቱ ሁሉ ሆዱ ላይ ተከማቸ። እናቱ ደስ ይላት ነበር፤ በእኛ ቋንቋ ወፍራምና ጤነኛ የሚጠሩት በአንድ ቃል ነውና። የመረመረችው ሐኪም ሚዛኑን ትታ ወገቡን በሜትር ለካችና «የሚያሰጋኝ ክብደቱ ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ነው፤ ጉበቱን እየጎዳው ነው፤ ለልቡም እፈራለሁ» አለችው። እየሳቀ ወጣ። በረመዳን፣ ለኢፍጣር እጁን እንደዘረጋ፣ ልቡ ቆመ። ወይ ልጄ! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሸፍቃት አቀርቅሮ «ታዲያ ወተቱን ከተውኩ ማን ፔህልዋን ይለኛል?» አለ።

«አይበሉህ! ቱፈይልን አስከሬኑን ተሸክመው እንኳ ፔህልዋን ይሉት ነበር። ሰማቸው?» አልኩት።

ለአርባዬ ቅቤ የሚያነጥር አይኑር፤ ምስርና ቂጣ ይበቃል። ሰኪና፣ ሰው ምን ይለኛል አትበይ፤ ሚራጅ ዲን ብሏል በያቸው።

ሸፍቃት ሆይ፣ ጎሾቹን የነሳሁህ ጠልቼህ አይደለም። አንዱን ልጄን በእጄ ቀብሬአለሁ። አንተ ግን እኔን ቅበረኝ። ሌላ አልለምንህም።

ቃሌ ተነቦልኝ አጽንቼዋለሁ። ዓይኔ ስለ ደከመ በፊርማ ፈንታ አውራ ጣቴን አኑሬአለሁ። ምስክሮች ቃሪ ሳዲቅና ኢናያት ፈርመዋል።

ሸፍቃትም መስማቱን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ተጠራ። ኢናያት ብዕሩን እንደያዘ «ሸፍቃት ፔህልዋን ብዬ ልጻፍ?» አለው።

ልጄ ከበሩ ተነስቶ ወደ ኢናያት ቀረበ።

«ሸፍቃት ብቻ ይበሉት።»