ለወፎች የመረጥኩት እህል

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትደግፋለህ? እማዬስ እንዴት ናት፤ መነጽሯ ተቀየረላት? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ልቤም ደህና ነው ብል ግን ዋሸሁ። ጮኸህብኝ ስልኩን ከዘጋኸው ወዲህ ልደውልልህ አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በአፍ ከሆነ ታቋርጠኛለህ፤ ወረቀት አይቋረጥምና እባክህ እስኪያልቅ አንብበኝ።

እንደምታውቀው የምሠራው ከሆስፒታል የወጡ ሕሙማን በሚያገግሙበት ቤት ነው፤ ልብስ አጣቢ ነኝ። ሥራ ያስገባኝ በር ጠባቂው ጓደኛህ ነው። ስትሸኘኝ «እሱ ካለ እኔ አለሁ ማለት ነው» ብለኸኝ ነበር። እኔም እንዳንተ አየሁት። ሸሚዙን ሳይጠይቀኝ አጥቤ፣ ተኩሼ እሰጠው ነበር።

ከቤቱ ጀርባ አትክልት ቦታ አለ። ወደዚያ በሚያየው መስኮት ሥር አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ተኝቷል፤ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎታል፣ አንደበቱም ተሳስሯል። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ኃላፊዋ ነርስ መጣችና «ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ ባዶ ዛፍ ሲያይ ይውላል። እስቲ ወፍ አምጪለት» አለችኝ። ወፍ በትእዛዝ የሚመጣ ይመስል! እሺ አልኩ።

መጀመሪያ የተረፈ ዳቦ ፈርፍሬ በተንኩ። ቁራና ርግብ ሰፈረበትና ትንንሾቹን አባረራቸው፤ የቀረው ዝናብ ነክቶት ሻገተ። ዳቦውን ትቼ ምንቃራቸውን ማየት ጀመርኩ። ምንቃራቸው ወፍራም የሆኑት የሱፍ ፍሬ እየሰነጠቁ ይበላሉ። ለቀጫጭኖቹ ብርቱካን ለሁለት ቆርጬ ቅርንጫፍ ላይ ሰካሁላቸው። ያስቸገሩኝ ደረታቸው ቢጫ የሆኑት ናቸው፤ ማሽላዬን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ደቃቅ ዳጉሳ፣ ያውም ከመሬት ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ሳደርግላቸው ግን መጡ። መጀመሪያ ጥንድ ሆነው፣ ኋላ በመንጋ። ሹፌሩ በደህናው እጁ ፍራሹን እየመታ ሲስቅ ብታየው! ነርሶቹ «የወፎች ሚዜ» ብለው ስም አወጡልኝ።

ጓደኛህ ሁሉን ይጠይቀኝ ነበር። ቢጫዎቹ የሚወዱት የቱን ነው፣ መቼ ይመጣሉ፣ ከመብላታቸው በፊት የቱ ቅርንጫፍ ላይ ያርፋሉ ይለኛል። እኔ ሞኟ ሰው ጠየቀኝ ብዬ ደስ እያለኝ አስረዳዋለሁ። እንዲያውም ዳጉሳ ገዝቶ አመጣልኝና «አይዞሽ እህቴ፣ ለጽድቅ ነው» አለኝ።

ከዚያ የቢጫዎቹ ቁጥር እየሳሳ ሄደ። ጥፋቱ ከእህሉ መስሎኝ አበጠርኩት፤ ነቅዞ ይሆናል ብዬም ቀየርኩት። ድመት ይሆናል ብዬ የጠረጴዛውን እግር በእሾህ አጠርኩ። ሹፌሩ በመስኮቱ ወደ ውጭ እየጠቆመ ያጉረመርማል፤ ሬዲዮ የፈለገ መስሎኝ ሬዲዮ እከፍትለታለሁ።

በእረፍት ቀኔ የረሳሁትን ጃንጥላ ልወስድ በጠዋት ገባሁ። ጓደኛህ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሟል። ቅርንጫፎቹን ሙጫ ቀብቷቸዋል። አንዷ ቢጫ ክንፏ ተጣብቆ ትንፈራገጣለች፤ እሱ እንደ ፍሬ ቀጠፋትና ሌሎቹ ወደሚንጫጩበት ካርቶን ከተታት። ላባዋ እዚያው ቀረ። ክው አልኩ። ምን እያደረግክ ነው ስለው ሳቀ። «ወፍ የማንም አይደለችም። ሰዎች ቤታቸው ሊያኖሯት ከእኔ ይገዛሉ። አንቺም ድርሻሽን ያዢና ዝም በይ» አለኝ። ካርቶኑን ልነጥቀው ስል ገፈተረኝ። ነገ ስትገባ ለኃላፊዋ እናገራለሁ ብዬው ወጣሁ።

በማግስቱ ስገባ ቀድሞኛል። የሙጫው ቆርቆሮ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ከሳሙናዬ ጀርባ ተገኘ። «እህሉን የምትመርጠው እሷ፣ የትኛዋ ምን እንደምትወድ የምታውቀው እሷ፤ ሌላ ማን ሊያጠምዳቸው ነው?» አላት ኃላፊዋን፣ እዚያው ፊቴ። ያስረዳሁት ሁሉ ተመልሶ እኔው ላይ መሰከረ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ እሰማ ነበር፤ እንዲህ አጥንት እንደሚሰብር አላውቅም ነበር። ከሥራ ታገድኩ።

እየተንሰቀሰቅኩ ቤቴ እንደገባሁ ስልኬ ጮኸ። ያንተን ስም ሳይ «ወንድሜ ደረሰልኝ» አልኩ። አንተ ግን «አሳፈርሽኝ! ያን የመሰለ ሰው ሌባ ትያለሽ? ሄደሽ እግሩ ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠይቂ» ብለህ ዘጋኸው። አፍ ያለው ከብት ያለውን ይነዳዋል ይባል የለ? ጓደኛህ ቀድሞ ደውሎ አንተንም ነዳህ።

ሹፌሩ ዝም አላለም። ልጁ ልትጠይቀው ስትመጣ በመስኮት ያየውን እየተንተባተበ፣ አንዱን ቃል ለመጨረስ እያላበው ነገራት። እሷም ሳትሰለች አዳምጣ ለኃላፊዋ ተናገረች። የጓደኛህ ማደሪያ ሲፈተሽ ካርቶኖቹ ከነወፎቹ ተገኙ። እሱ ተባረረ፣ ወፎቹ ተለቀቁ፣ እኔም ተጠርቼ ተመለስኩ። ኃላፊዋ «ሳላጣራ ፈረድኩብሽ» ብላ አቅፋኛለች። ሙጫ የነካቸውን ቅርንጫፎች ቆርጬ አቃጥያለሁ፤ እህል ግን እስካሁን አላስቀመጥኩም። ሹፌሩ ባዶውን ጠረጴዛ ሲያሳየኝ «ትንሽ ታገሠኝ» እለዋለሁ። ጠርቼ ያስያዝኳቸውን ወፎች ደግሜ ለመጥራት እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ጋሼ፣ የጓደኛህስ ይሁን፤ የሰው ልጅ ነው፣ ሊከዳ ይችላል። አንጀቴን ያሳረረኝ ያንተ ነው። ስሜን እንኳ በቅጡ መጥራት የማይችል በሽተኛ መሰከረልኝ። በጀርባህ አዝለህ ያሳደግከኝ አንተ ግን «ምን ሆነሽ ነው?» ሳትለኝ ፈረድክብኝ።

ለእማዬ ይህን አታንብብላት፤ ደህና ናት፣ ሥራዋ ላይ ናት በልልኝ፣ ጉልበቷንም ሳምልኝ። ባለቤትህን፣ ያኔ ስትሸኙኝ በር ድረስ ተከትላኝ ያለቀሰችውን፣ በጣም ናፍቃኛለች በላት። ትልቁ ልጅህ በትምህርቱ ይበርታ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ።

ላንተ ምን እንደምጽፍ አላወቅኩም። ስላሳደግከኝ እስክሞት አከብርሃለሁ። እንደ ድሮው አምንሃለሁ ብዬ ግን አልዋሽህም።

እህትህ
ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ኅዳር ፲፬ ቀን