ልጅህን ጭሱ አላሳለውም

ለልጄ አባት፣ ለጓዴ ለይበልጣል፤

ካጠገቤ ከሄድህ ዓመት ሞላህ። ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትህን አስበን ዋልን። ጠላው ጥሩ ወጥቶልኝ ነበር፤ ቄሶቹም ፍትሐቱን አድርሰው በጊዜ ሄዱ። የቤቱን ክዳን አሳድሼዋለሁ። በርበሬውን ዘንድሮ ወንድምህ ነው የተከለልኝ። ይህን ይህን ልነግርህ ነበር የተነሣሁት፤ ግን ውስጤ ታውኳል።

ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ ቢራራ፣ ያ ፍኖተ ሰላም አንድ ክፍል ተከራይታችሁ ስትማሩ ሲጋራ ያስለመደህ ጓደኛህ፣ ከኪሱ አንዲት አውጥቶ ልጃችንን ደሳለኝን ከምድጃው ለኩሶ እንዲያመጣለት ላከው። አንተም እንዲህ ታደርግ ነበር። ገና በሕፃንነቱ ወደ እሳቱ ትልከዋለህ፤ ፍም ላይ አስነክቶ፣ ባፉ አንዴ ስቦ ያመጣልሃል። ያን ጊዜ እንባው እስኪፈስ ያስለዋል፤ እንግዳው ይስቃል። እኔ ስቆጣ፣ ወንድ ልጅ ነው ምን ይሆናል ትለኝ ነበር።

እሑድ ዕለት ግን አላሳለውም። ስቦ፣ ጭሱን ባፍንጫው አውጥቶ፣ ልክ እንዳንተ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አቀበለው። ያባቱ ልጅ ብለው ሳቁ። አንተን የገደለህን ነገር፣ በሙት ዓመትህ፣ በልጅህ አፍ አይተው ሳቁ። ይበልጣል፣ አስጠሉኝ። ጠላ የቀዳሁበት እጄ ራሱ አስጠላኝ። ሴት ልጅ ብትሆን ኖሮ እነዚሁ ሰዎች ጸበል ውሰጃት፣ ቤትሽን አዋረደች ይሉኝ ነበር።

ሰው ሲበተን ጠየቅሁት፤ አልዋሸኝም። ለትምህርቱ ከተማ ቤት አራት ሆነው ነው የተከራዩት፣ አንዱ የሽንዲ ልጅ ነው፣ ሁለቱ የማንኩሳ። የማያጨሰውን ፋራ ይሉታል፣ የባላገር ሽታ አልለቀቀህም ይሉታል። እሱን መጀመሪያ ሲሰጡት ስላላሳለው አደነቁት። የት ለመድኸው ሲሉት፣ ቤታችን አላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለስንቅ ሲመጣ የድርቆሹ ከረጢት የሚሸተኝ ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። እኔ ሞኟ ሻጋታ መስሎኝ ሳጥበው፣ ፀሐይ ላይ ሳሰጣው ከረምሁ።

ሰው ሁሉ ደግነቱን እያሰብሽ ተጽናኚ ይለኛል። አስባለሁ። ከቡሬ ገበያ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመህ የምታፏጭልኝን አልረሳም። ጣሳ ውስጥ ትተፋው የነበረውን ጥቁር አክታም አልረሳም፤ የምደፋው እኔ ነበርሁ።

የመጨረሻው ቀን ደሳለኝ የፈተና ሰሞን ሆኖበት መምጣት ስላልቻለ ደውዬ ስልኩን አፍህ ላይ ያዝሁልህ። ቃል አልወጣህም፤ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ብቻ። እሱ ሃሎ፣ ሃሎ ሲል ቆይቶ ዘጋው። በቀብርህ ማግሥት፣ ኔትወርኩ እምቢ አለኝ እንጂ አባዬን አናግረው ነበር እያለ ሲያለቅስ ላርመው አልጨከንሁም። እስከ ዛሬም የሚያምነው እንዲያ ነው። ምን ልትለው እንደነበር እኔም አላውቅም።

ቅዳሜ ይመጣል። ከረጢቱን ከመሙላቴ በፊት አጠገቤ አስቀምጬ ስላንተ አወራዋለሁ፤ ፉጨትህንም ጣሳውንም። በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም፣ እሱም እንዲረሳህ አልፈቅድለትም። ያን ቀን ኔትወርኩ ደኅና እንደነበር እነግረዋለሁ።

ባለቤትህ ይታይሽ