ከሦስት ቀብር በላይ የቀሩ

ለውድ እህቴ ለማኑሄ፣ ቦንጋ

እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ ክረምቱን እንዴት ቻለው? የባለቤትሽ የበዛብህ ዓይን ተሻለው ወይ? ቡናው ተለቅሞ ገባላችሁ ወይስ ዝናብ ቀደማችሁ? እኔ ከጉልበቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እኔ ዘንድ ያለችው ልጅሽ ውዳሴም ደህና ናት። በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ስልክ ላይ ግን ነገር ይቆራረጣል። ይህን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንድትሰሚው እፈልጋለሁ።

የእድራችንን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባችው ውዳሴ መሆኗን ጽፌልሽ ነበር። ባለፈው ወር የእድሩ ዳኛ አቶ ዱባለ፣ በዓመቱ ሳያስታውቅ ከሦስት ቀብር በላይ የቀረ አባል ይሰረዛል የሚለው ደንብ ዘንድሮ ይሠራበታል አሉ። ውዳሴንም የእያንዳንዱን ሰው ቀሪ ደምራ፣ ከሦስት በላይ የሆነውን ብቻ አጣርታ፣ ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድራ እንድታወጣ አዘዟት። የየሰዉ ቤተሰብ ብዛትም ከስሙ ጎን ይታይ ብለው ጨመሩ። ሐሙስ ዕለት ዝርዝሩ 18 ማዞሪያ አጠገብ፣ የእድሩ ቤት በር ላይ ተለጠፈ። እሑድ በጉባኤ ተነቦ ሊጸድቅ ነበር።

አንደኛ የወጡት ጎረቤቴ አቶ ቱሉ ናቸው። ባለቤታቸውን ገበያነሽን ታስታውሻታለሽ፤ እኔ ዘንድ ታመሽ የተኛሽ ጊዜ አጥሚት ሠርታ ያመጣችልሽ ናት። አልጋ ላይ ነበረች፤ ሐኪሞቹም ወደ ቤት ውሰዷት ብለው ነበር። ቱሉ እሑድ ከተሰረዙ ድንኳን የሚተክልላት፣ አስከሬኗን የሚሸከም የለም። ዝርዝሩን አይተው ሲመለሱ ደጃፌ ላይ ቆመው፣ «እትዬ ብርቅዬ፣ እኔ የቀረሁት አንድ ቀን ነው፤ እሱም እሷን ሆስፒታል ይዤ» አሉኝ።

ከዘራዬን ይዤ ሄድኩና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የፈለግኩት የእሳቸውን ስም አይደለም፤ የራሴን ነው። ዘንድሮ በዚህ ጉልበት ሳቢያ አራት ቀብር ቀርቻለሁ፤ አረጀች እንዳልባል ብዬም አላስታወቅኩም። ስሜ ግን የለም። እፎይ አልኩ አልልሽም። እኔ የሌለሁበት ዝርዝር ልክ ሊሆን አይችልም።

ዓርብ ውዳሴን አስቀምጬ፣ «ቱሉ ለምን ገቡ? እኔስ ለምን ወጣሁ?» አልኳት። ስትመረምር ቆይታ ፊቷ ዳመነ። እንደገባኝ ልንገርሽ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሁለት ሰንጠረዥ አለ፤ አንዱ የቀሪ፣ አንዱ የቤተሰብ። የቤተሰቡ ብዛት እንዲታይ ብላ ሁለቱን አጣምራ ቆጠረች። ሲጣመሩ አንዱ ቀሪ በእያንዳንዱ ቤተሰብ ስም አጠገብ እየተደገመ ይጻፋል። የቱሉ አንድ ቀሪ በሚስታቸውና በሰባት ልጆቻቸው ልክ ስምንት ሆነ። እኔ ደግሞ ባሌ ከሞተ ወዲህ ያስመዘገብኩት ቤተሰብ ስለሌለኝ፣ የምጣመርበት ታጥቶ ጭራሽ ጠፋሁ። ማጣራቱና መደርደሩ ልክ ነበር፤ የተበላሸው ከዚያ በፊት ድምሩ ነው። ቀሪውን ለብቻ ደምራ ቤተሰቡን ኋላ ማገናኘት ነበረባት።

አስተካከለችና ኮምፒዩተሩን ክድን አደረገችው። ምነው ብላት፣ «እትዬ፣ አሁን አንደኛ የሚወጡት እርስዎ ነዎት» ብላ አለቀሰች። ከዚያም የቱሉን ስም ብቻ በእጄ ልፋቀው ትለኝ ጀመር። ማኑሄ፣ ተቆጣኋት። ያን ብታደርግ ልጅ የበዛባቸው ሌሎቹ በግፍ ይሰረዛሉ፤ እኔም ተሸሽጌ እቀራለሁ። «እኔን የሚያሾልክ ወንፊት ቢጣል ይሻላል» አልኳት።

እሑድ በጉባኤው መካከል ውዳሴ ተነሥታ፣ «ስህተቱ የእኔ ነው» አለች። አቶ ዱባለ «ኮምፒዩተር ይሳሳታል እንዴ? ተቀመጪ አንቺ ልጅ!» ብለው ጮኹ፤ የተለጠፈ አይነሣም ሲሉም ያጨበጨበላቸው አልጠፋም። አልተቀመጠችም። የአንድ ሰው አንድ ቀሪ እንዴት ስምንት እንደሆነ ሰሌዳ ላይ ጽፋ አሳየች። ይኼኔ ቱሉ፣ «ልጅ መውለዴም እንደ መቅረት ተቆጠረብኝ?» ቢሉ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ ዱባለም ሳይወዱ ሳቁ። አዲሱ ዝርዝር ይነበብ ተባለ። «አንደኛ፣ ወይዘሮ ብርቅዬ» ብላ አነበበች፤ ድምፅዋ አልተሰበረም። ዱባለ «ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይለፉ» አሉ። ይለፉ የሚል አንቀጽ ደንቡ ውስጥ እንደሌለ ተነሥቼ ተናገርኩ። ተሰረዝኩ። ስድስት ወር እንደ አዲስ ገቢ እጠብቃለሁ።

ማክሰኞ ገበያነሽ ዐረፈች። ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ የእድሩ ሰዎች ተሸከሟት። እኔም ውዳሴን ተደግፌ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረስኩ። ከቀብር መልስ ስም ሲጠራ የእኔ አልተጠራም፤ ግን ነበርኩ።

ለዱባለ ደውለሽ እንዳትለምኚልኝ። በእነዚህ ወራት ሞት ቢመጣባትስ ብለሽም አትስጊ። ቱሉ ከሐዘናቸው መካከል ቀና ብለው፣ «እትዬ፣ ሰባት ልጆች አሉኝ፤ እርስዎን መሸከም አያቅታቸውም» ብለውኛል።

በዛብህን መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ንገሪው። ለምራትሽ ለጸሎት ሰላምታዬን አድርሺ። ትንሿን ራዕይን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ፊደሏን በቅደም ተከተል ታጥና፣ እየዘለለች አይደለም። ውዳሴ እጅ ትነሣሻለች። ልጅሽን በደንብ አሳድገሻል።

እህትሽ ብርቅዬ
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.